ስኩሊ ግድግዳውን ያጣበት ምክንያት

ክቡር ቄስ ሆይ፤ ኡና እህታችን ከነልጆችሽ፤ በዚህ ነፋስ ከሬይክያቪክ ድረስ የመጣችሁ የድሮ ዋናተኞች፤ የማዘጋጃ ቤታችን ሹም ክቡር ኦዱር፤ እንዲሁም ዘወትር ጠዋት ሙቁ ገንዳ ውስጥ እስከ አንገታችሁ ተዘፍዝፋችሁ ዓለምን የምታስተዳድሩ የመንደራችን ክቡራንና ክቡራት! እግዜር ያጽናችሁ። እኔንም ያጽናኝ።

ጊሱር ነኝ። ይህን ንግግር በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። የማታ ትምህርት ቤት አስተማሪዬ እዚያ ቆማለች፤ ብታለቅስ በሐዘን ነው እንጂ በፊደሌ አይደለም።

ዛሬ የአንድ ሰው ስም ላጸዳ መጥቻለሁ። ስኩሊ ኬቲልሶንን ዕድሜውን ሙሉ «ግድግዳ ፈላጊው» ስንለው ኖርን። በዚህ ስም አፈር አይለብስም። ባለቤቱ ኡና አዛኛለች። «ጊሱር፣ እግዜር አፍህን ያሰፋው ለአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ቀኑ ደርሷል» ነው ያለችኝ። ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ የሱ ስም ሲጸዳ የኛ ስም ይቆሽሻል። የኔም ጭምር። መሄድ የሚፈልግ አሁኑኑ ይሂድ።

ማንም አልሄደም? ጥሩ። ኋላ እንዳትወቅሱኝ።

ስኩሊ ምን ነበር? ዋናተኛ ነበር። ምን ዓይነት ዋናተኛ? የሀምሳ ሜትር ነጻ ቀዘፋ። ይህ ማለት ውሃ ውስጥ ትወረወራለህ፣ አትተነፍስም፣ እንደ እብድ ክንድህን ታወናጭፋለህ፣ ወዲያኛውን ግድግዳ በእግርህ ገፍተህ ትመለሳለህ፣ አለቀ። አንድ ሰው ሲያስነጥስ ውድድሩ ያመልጠዋል። ስኩሊ በሕይወቱ የዋኛቸውን ውድድሮች ሁሉ ደምራችሁ ድንች ብትጥዱ፣ ድንቹ አይበስልም። ለዚያች ለማትበስል ድንች ነው ሰውየው ወጣትነቱን በሙሉ የማገደው!

የመዋኛ ገንዳችንን የሠሩት አባቱ ካፒቴን ኬቲል መሆናቸውን የማያውቅ የለም። መሬቱን ለክተው፣ ድንጋዩን አስተሸክመው፣ ፍል ውሃውን ከኮረብታው ስበው አመጡት። ከዚያ ወዲህ መንደራችን የፈጣኖች መንደር ሆነ። መግቢያው ላይ «የፈጣን ዋናተኞች መንደር» የሚል ሰሌዳ ተተከለ። እኔ ራሴ፣ ይህን ሆድ አትዩት፣ በወጣቶች ሁለተኛ ወጥቼ የምስክር ወረቀት ተሸልሜአለሁ። ዛሬም ከሶፋዬ በላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ቤቴ ገብቶ ሳያየው ወጥቶ አያውቅም። አንደኛ ማን ነበር? ስኩሊ ነዋ።

ታዲያ ያን የመጀመሪያ የሬይክያቪክ ሻምፒዮና ታስታውሳላችሁ? በሁለት አውቶቡስ ሄድን። የደረቀ ዓሣችንን ይዘን ከዋና ከተማው ሰዎች አጠገብ ተቀመጥን፤ እነሱም ከሽታው የተነሳ ሰፊ ቦታ ለቀቁልን። ፊሽካው ተነፋ። ስኩሊ ተወረወረ። መሪ ነው! ካፒቴን ኬቲል ቆብ ወርውረው ይጮሃሉ። ስኩሊ እንደ ሁላችንም ውሃ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚዋኘው፤ ግድግዳው ጋ መድረሱን የሚያውቀው ክንዱን በመቁጠር ነው። ቆጠረ። ተገለበጠ። በእግሩ ግድግዳውን ሊገፋ ዘረጋ።

ግድግዳ የለም።

ባዶ ውሃ ገፋ። እንደ ተገለበጠ ጥንዚዛ እግሩን እያንፈራገጠ ቆመ። ወንድሞቼ፣ ያ አዳራሽ እንዴት ሳቀ! እኛም ሳቅን፤ አንዋሽ። አባቱ ብቻ አልሳቁም።

«ምን ነካህ ልጄ?» አሉት ፎጣውን እያቀበሉ።

«ፈራሁ አባባ» አለ ስኩሊ።

ሌላ ምን አለ? ምንም። እሑድ ከሙቁ ገንዳ ሲደርስ «እባካችሁ ግድግዳውን አሳዩት!» «ኧረ እጁን ይዛችሁ አድርሱት!» ተባለ።

ከዚያ በወሩ ስኩሊ ብረት ሜትር ይዞ መጣብኝ። «ጊሱር፣ ጫፏን ያዝልኝ» አለኝ። ወደቡ ላይ ከአንዱ ምሰሶ እስከ ሌላው ለካን። «ምን ልትሠራ ነው?» አልኩት። «መረብ ላሰጣ።» «በል ጥሩ።» ይኸውላችሁ፣ እኔ ማለት እንዲህ ያለሁ ብልህ ነኝ!

በማግሥቱ እዚያው ባሕር ውስጥ፣ በዚያ ብርድ፣ ሲዋኝ ተገኘ። ሞቅ ያለ የአባቱ ገንዳ እያለለት! አሰልጣኛችን ራግና፣ ነፍሷን ይማርና፣ የሱፍ ቆቧን እስከ ቅንድቧ ደፍታ ወደቡ ላይ ቆማ ትጮህበታለች፦ «ክንድህን አርዝመው! ተልባ ነው እንዴ የምታሸው!» አንድ ቀን አቆስጣ፣ ያ ባለ ጢም የባሕር እንስሳ፣ ብቅ ብሎ ከጎኑ መዋኘት ጀመረ። «ቅደመው!» አለች ራግና። «እሱ እኮ ክንፍ አለው!» አለ ስኩሊ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «አንተም አፍ አለህ፤ ዝጋውና ዋኝ!»

መንደሩ ስኩሊ አብዷል አለ። እናቱ ቄሱን አማከረች። እሱ ግን «ብርድ ለጡንቻ ጥሩ ነው» ብሎ ወደ ባሕሩ ተመለሰ።

በዓመቱ እዚያው ሬይክያቪክ፣ እዚያው ገንዳ ተመለሰ። ገና መወርወሪያው ላይ ሲወጣ ከተሜዎቹ «ግድግዳው ወዲያ ነው!» እያሉ በጣታቸው ያመላክቱታል። ተወረወረ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። የእግሩን ድምፅ ሰማሁ፤ ጧ! ግድግዳውን አገኘው! ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ የጥፍር ያህል ቀድሞ የአገር ሻምፒዮን ሆነ። ካፒቴን ኬቲል ከነጫማቸው ውሃው ውስጥ ሊገቡ ትንሽ ቀራቸው። ልጃቸውን አንገቱን አንቀው «የኔ ገንዳ ናት! የኔ ገንዳ ናት ለዚህ ያበቃችህ!» ይላሉ፤ ያለቅሳሉ።

ስኩሊም «አዎ አባባ፣ ያንተ ገንዳ ናት» አለ።

ወርቅ ያን ስም ያጠፋል ብላችሁ ነበር? እኛ መንደር? እኛ ዘንድ ሰው ይሞታል እንጂ ቅጽል ስም አይሞትም። ሻምፒዮኑ ግድግዳ ፈላጊ ተባለና ቀረ።

አሁን ያዙ እንግዲህ። ባለፈው መከር የገንዳውን ንጣፍ ሊቀይሩ ሠራተኞች መጡ። ለኩ። ደግመው ለኩ። አንዱ ወደኔ ዞሮ «ይቺን ገንዳ ማን ነው የለካት?» አለኝ። «ካፒቴን ኬቲል፣ በመርከብ ገመድ» አልኩ በኩራት። «ገመዱ ምን ነበር?» «የቃጫ።» «የዚያን ቀን ዝናብ ነበር?» እኛ አገር ዝናብ ያልነበረበት ቀን መቼ ነው? የቃጫ ገመድ ውሃ ሲጠጣ ይኮማተራል። ይህን እዚህ የቆመ መርከበኛ ሁሉ ያውቃል። አንድም ሰው ግን ትዝ አላለውም! ገንዳችን፣ ክቡራንና ክቡራት፣ አጭር ናት። ከአንድ ሜትር በላይ አጭር ናት። ስኩሊ በኛ ገንዳ ልክ በትክክል ቆጥሮ ነበር የዞረው፤ የሬይክያቪክ ግድግዳ ነው ገና ወደፊት የነበረው!

ወደ ስኩሊ ቤት ሮጥኩ። አልጋ ላይ ነበር፤ ኡና ሾርባ ታጠጣዋለች።

«ስኩሊ! ገንዳው አጭር ነው!»

«ቀስ በል፤ ሾርባውን ታስደፋታለህ።»

«ታውቅ ነበር?»

«ባዶ ውሃ የገፋሁ ለታ ነው ያወቅሁት። ወደቡን በሜትር ያስለካሁህ ለምን መሰለህ?»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ዘጋህ?»

«አባቴ በየእሑዱ ገንዳው ዳር ቁጭ ብሎ ድንጋዩን እንደ ፈረስ ይዳብሰው ነበር። ምን ልበለው?»

«አባትህ ከሞቱ እኮ ቆዩ!»

ሳቀ። ያ ደካማ ሳቁ። «ከዚያ በኋላ ደግሞ አንተ ነበርክ። ከሶፋው በላይ ያለውን ወረቀትህን ሳስበው አንጀቴ አልችል አለ። አንተን ማን ሊያጽናናህ?»

ሾርባውን ከኡና ተቀብዬ እኔው ማጠጣት ያዝኩ።

እንግዲህ ሒሳቡን ተረዱት። በዚያች ገንዳ ያስመዘገብነው ሰዓት ሁሉ ውሸት ነው። የናንተም የምስክር ወረቀት፣ የኔም። ኦዱር፣ አትሳል፤ ሰሌዳህን ከመንገዱ ላይ ንቀላት። ከዚህ መንደር ሙሉውን ርቀት ዋኝቶ ያሸነፈ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱ ፈጣን ነበር፤ የኛ ግን ግድግዳችን ነው ቅርብ የነበረው። የሳቅንበት ደግሞ እኛን ከመሳቂያነት ያዳነን ሰው ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ያን ቅጽል ስም በሙቁ ገንዳ ውስጥ የሚያነሳ ሰው ቢኖር፣ የራሱን ሰዓት ድምፄን ከፍ አድርጌ አርሜ አነብለታለሁ።

ስኩሊ ወዳጄ። ሠራተኞቹ ሰኞ ይመለሳሉ። ገንዳውን ቆፍረው ያረዝሙታል፤ ኡና ተስማምታለች፣ ኦዱርም አሁን በሕዝብ ፊት ተስማማ። ካፒቴን ኬቲል የደረደሩት ድንጋይ አንዱም አይጣልም፤ አዲሱ ጫፍ ላይ ይገነባል። የምትጨመረዋ ቁራጭ ያንተ ናት፤ በስምህ እንጠራታለን። ልጆቻችን ደርሰናል ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ ገና አንተ ትቀራለህ። ትንፋሻቸው አልቆ፣ ክንዳቸው ዝሎ፣ «ይሄ ስኩሊ የሚሉት!» እያሉ ይረግሙሃል።

እኔ ከሁሉም አብልጬ እረግምሃለሁ። ደህና ሁን፣ ሻምፒዮናችን።