ሳልሞክር አልሰጥም

ጅዳ፣ በኒ ማሊክ ሰፈር ሞባይል እጠግን ነበር። ከአሠሪዬ ከካፊሉ ጠፍቼ ነው የምሠራው፤ አፈሳው ከተጀመረ ወዲህ ከሱቋ ንቅንቅ አልልም። አንድ ቀን በቀትር ፖሊስ ገባ። አለቀልኝ ብዬ እንደሚሞት ሰው ሸሃዳዬን ያዝኩ። እሱ ግን የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ እንኳ አልጠየቀኝም፤ የያዘውን የአሻራ ማንበቢያ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና «እምቢ አለኝ፣ እስቲ እየው» አለኝ በዐረቢኛ።

ፈታሁት። በቴስተር ስፈትሸው የባትሪው ሽቦ ተላቅቋል። በየድኩት፣ በራ። «ማሻአላህ፣ ጎበዝ ነህ!» ብሎ ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ ይሄድልኝ ነበር። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ሳልሞክር ዕቃ ሰጥቼ አላውቅም። ጣቴን መስታወቱ ላይ ሳሳርፍ፣ ወላሂ፣ ማን መሆኔን ረስቼዋለሁ። ጢጥ አለ። ፎቶዬ መጣ፤ ከሥሩ በቀይ «ሁሩብ» ይላል፣ የጠፋ ማለት ነው። ፖሊሱ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ እኔን አየ። እሱም ቅር ያለው መሰለኝ። «ያላ» አለኝ ቀስ ብሎ።

እስር ቤት ስገባ የወሎ ልጆች ከበቡኝ። «ማነው የጠቆመብህ?» አሉኝ።

ጠቋሚ ጣቴን አሳየኋቸው።