የአባ አሊዪ እጅና የሙሄ ጠባሳ

በ1998 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። ጀውሃ ከተማ መኪና ስጠብቅ አባ አሊዪን ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አባ አሊዪ የአገሩ ወጌሻ ናቸው፤ የእኔንም ክንድ ያቃኑ እሳቸው ስለሆኑ እወዳቸዋለሁ። አጠገባቸው የእህታቸው ልጅ ነርሷ ዓሊያና ጎረቤታቸው ሙሄ ቆመዋል።

«ነገ ቡአቸውን፣ የብሽሽታቸውን እብጠት፣ በኦፕራሲዮን ሊሠሩ ሸዋ ሮቢት ቀጠሮ አላቸው» አለችኝ ዓሊያ። «ግን ሁለት መኪና አሳለፉ።»

«ቢላ ፈርቼ አይደለም፣ አስተማሪ» አሉ ሽማግሌው። «ሙሄን እየው። ከተቀደደ በኋላ ቁስሉ ሁለት ወር ሙሉ መግል አወጣ። ደግሞስ ማሽላዬን ወፍ ይጨርሰው?»

«አጎቴ፣ በቀጠሮ የተሠራም ቁስል ሊያመረቅዝ ይችላል፤ አልዋሽዎትም» አለች። «እርስዎ ግን ሳልዎ ታክሞ፣ ሆድዎ ባዶ ሆኖ፣ በእግርዎ ይገባሉ። ጋሼ ሙሄ የገቡት ዘግይተው በቃሬዛ ነው። አንጀታቸው ታንቆ ስለሞተ ተቆረጠ፤ ቁስሉን ያበላሸው ይኸው ነው።»

«ታዲያ ለምን ዘገየ?» አልኩ። ብልህ ጥያቄ የጠየቅሁ መስሎኝ ነበር፤ ሙሄ ግን አቀረቀረ።

«አባ አሊዪ፣ ሰባት ዓመት ደበቅሁዎት» አለ ቀስ ብሎ። «እብጠቱ ወደ ውስጥ አልመለስ ሲል እርስዎ ዘንድ መጣሁ። እግሬን ሰቅለው ሁለት ቀን በቅቤ አሹኝ። ሐኪሙ ‘በመጀመሪያው ቀን ብትመጣ አንጀትህ አይቆረጥም ነበር’ አለኝ። እንዳይከፋዎት ብዬ ዋጥኩት። አሁን ግን በእኔ ቁስል አሳበው ቢሞቱብኝ አልችለውም። ማሽላዎን እኔ ማማ ላይ ወጥቼ እጠብቃለሁ።»

ሽማግሌው እጆቻቸውን ገልብጠው አዩ። ስንቱን ያዳነ እጅ ነው።

«ሙሄ፣ አፉ በለኝ» አሉና ሦስተኛው መኪና ሲመጣ ቀድመው ተሳፈሩ።

በማግስቱ ተሠሩ። ነርሶቹ ተነሥተው እንዲራመዱ ሲያዟቸው፣ ስፌቱ ይፈታል ብለው አልተከራከሩም። በሳምንታቸው ቁስላቸው ደረቀ፤ በወሩ ወደ ማሳቸው ሲወጡ ማሽላቸው ሳይጎድል ጠበቃቸው።

ወለምታ የያዘው ሰው ዛሬም ወደ እሳቸው ይሄዳል። ሆዱ ወይም ብሽሽቱ ያበጠውን ግን አይነኩትም፤ «ሳይታነቅብህ፣ በእግርህ ሳለህ ሐኪም ዘንድ ሂድ» ይሉታል። ሕመሙ ጠንቶ የሚያስመልሰው ከሆነማ መኪና ለምነው ራሳቸው ያሳፍሩታል። እምቢ የሚል ካጋጠማቸው ሙሄን ያስጠሩና ጠባሳውን ያሳዩታል።

«ይህን ያደረገው ቢላ አይደለም» ይላሉ፤ «የእኔ እጅ ነው።»