ሰነፍ ሙዝ

ግቢ እታገኝ፣ ዝናቡ ይመታሻል። ሳሙና ነው? አለ አለ። እህትሽ ደህና ናት? ባለቤቷስ፣ ከንቲባችን? ይመስገን። ዲላ መቼም እንዲህ ያለ ከንቲባ አግኝታ አታውቅም።

በቀደም ለበዓሉ ሜዳልያቸውን ደርድረው ቆመው ሳይ እንባዬ መጣ። ኦጋዴን ላይ ጥይቷ ያገኘቻቸው ጀርባቸው ላይ ነው አሉ፤ እውነት ነው? ምን ታድርግ... ፊታቸውን ፈልጋ አጥታ ይሆናላ።

ትናንት ደግሞ ከነአጃቢያቸው ጓሮዬ ድረስ መጡልኝ። ክብር አይደለም? እንሰቴን ቆመው አዩና፣ «ይሄ ሁሉ ሙዝ ምነው አያፈራም?» አሉ። የሰሜን ሰው ናቸው፤ የሚበላው ግንዱ መሆኑን ከየት ያውቁታል? የቀበሌው ሊቀ መንበር ሽብሩ፣ እናቱ በቆጮ ያሳደገችው፣ እሱ እንኳ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሰነፍ ሙዝ ነው፣ ጓድ!» እሳቸውም አላመነቱም። «ያላፈራ ይቆረጥ!» ቆራጥ ናቸው ሲባል እሰማ ነበር... በምን እንደሆነ ገና ትናንት ገባኝ።

እኔስ የደነገጥኩት ለእህትሽ ነው። ከተጋቡ አስራ ሁለት ዓመት አይሆናቸውም? ቤታቸውም እስካሁን ጸጥ እንዳለ ነው... መቼም የራሳቸውን ቤት አስበው አልተናገሩትም።

ነገ ጠዋት ቆራጮቹ ይመጣሉ። ሠላሳ ስድስት እግር ነው፤ አንዱ እስኪደርስ ስድስት ዓመት ይፈጃል። ልጆቼ ነዚፍና ረህማ ሌላ ምን የሚበሉት አላቸው? አላዘንኩም ብልሽ ውሸት ነው፤ ከትናንት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም። ግን አልፈርድባቸውም። ሲሾም ያልቆረጠ ሲሻር ይቆጨዋል።

አደራ፣ ራዚያ እንዲህ አለች ብለሽ እንዳትነግሪያቸው! ሙዝ አለመሆኑን ሰው ፊት ቢሰሙ ያፍራሉ። ዛሬ እራት ላይ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ፣ ከቤት ሰው ቢሰሙት ግን... እኔ ምን አውቄ።

እንኪ ሳሙናሽን። አላህ ዕድሜ ይስጣቸው። ከሹመት በኋላ ያለውን ዕድሜ ማለቴ ነው፤ እሱንም ያርዝምላቸው። ያለ መኪና፣ ያለ አጃቢ፣ እዚሁ ከእኛ ጋር በሰላም ያስረጃቸው። በየደጃችን ሲያልፉ ሁላችንም «ይግቡ፣ ይቅመሱ» እንበላቸው። ያን ጊዜ የምናቀርብላቸውን አያሳጣን።

አሜን በይ እንጂ፣ እታገኝ።