ከዳንቴሉ ስር

(ደሴ፣ እሁድ ረፋድ። በአንድ የመብራት ቆጣሪ የሚጠቀም ግቢ። ባለቤቱ ጡረተኛው ሬዲዮ ጠጋኝ ጋሽ አስራደ፣ የኤሌክትሪክ ስቶቭ ታቅፈው ዕቃዋን በምትሸክፈው ተከራያቸው በትርንጎ በር ላይ ቆመዋል።)

አስራደ፦ ተቀበይኝ እንጂ፣ እጄ ዛለ።

ትርንጎ፦ ያስቀምጡት። መኪናው ሲመጣ አስጭነዋለሁ።

አስራደ፦ እንድትጭኚው አይደለም ያመጣሁት። ሥሪበት።

ትርንጎ፦ መብራት ጨረሰ ብለው ቆልፈውበት አልነበር? ሦስት ወር በከሰል ጭስ ዓይኔን ሳጠፋ ሂሳቡ ቀነሰ?

አስራደ፦ አልቀነሰም።

ትርንጎ፦ ታዲያ ማን በላው? ጅብ?

አስራደ፦ ትናንት ባለሙያ አምጥቼ የግቢውን መብራት ሁሉ አስጠፋሁ። ቆጣሪው ግን መዞሩን አልተወም።

ትርንጎ፦ እሺ?

አስራደ፦ እንግዲህ… ዕቃ ነው።

ትርንጎ፦ የማን ዕቃ?

አስራደ፦ ፀሐዩ ከረረ። ገባ ልበል?

ትርንጎ፦ የማን ዕቃ፣ ጋሼ?

አስራደ፦ የኔ። አምፕሊፋየሩ፣ ከነቴፑ። ቤት ሳለ ድምፁን እቀንሳለሁ እንጂ አጥፍቼው አላውቅም። ማብራት ማጥፋት ዕድሜውን ያሳጥራል ብዬ። ዝም ካለ ምን ይበላል አልኩ። ቀይዋ መብራትም ላዩ ላይ ያለበስኩት ዳንቴል ሸፍኗት፣ ማን ይያት?

ትርንጎ፦ አርባ ዓመት ሬዲዮ የጠገነ ሰው!

አስራደ፦ ተይ፣ እሱን አታንሺብኝ። ፊቴን የት ላድርገው?

ትርንጎ፦ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ።

አስራደ፦ ይገባኛል። ጨምሪበት።

ትርንጎ፦ እኔማ አውቅ ነበር።

አስራደ፦ ምኑን?

ትርንጎ፦ ድመቴ የኔን ምድጃ ትታ እርስዎ ሳሎን ዳንቴሉ ላይ ነው የምትተኛው። አንድ ቀን ላነሳት ስገባ ነካሁት። የበሽተኛ ግንባር ይመስል ይፋጃል።

አስራደ፦ እና ዝም አልሽ?

ትርንጎ፦ ምን ልበል? «ሙያዎን አያውቁትም» ልበልዎት? አፈርኩልዎት።

አስራደ፦ አንቺ ለኔ አፈርሽልኝ። እኔ ግን እድርተኛው ፊት…

ትርንጎ፦ «ተደብቃ ስቶቭ እየለኮሰች ግቢዬን አራቆተችው» አሉኝ። በዚያው አምፕሊፋየር፣ በማይክ! ገበያ ድረስ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ቀና ብዬ ሄጄ አላውቅም።

አስራደ፦ ይቅር በይኝ ልጄ። ይኸው እግርሽ ላይ…

ትርንጎ፦ ኧረ በስማም! ይነሱ፣ ሰው ያያል!

አስራደ፦ ቤቱን አትልቀቂብኝ። ነገሩም እዚሁ በኔና ባንቺ ይቅር።

ትርንጎ፦ ስድቡ በማይክ፣ ይቅርታው በሹክሹክታ?

አስራደ፦ በዚህ ሽበቴ ልዋረድ?

ትርንጎ፦ እኔስ ሽበት እስካወጣ ልጠብቅ ነበር? ይኸው፣ መኪናው መጣ። ደህና ይሁኑ ጋሼ።

አስራደ፦ ቆይ… ትርንጎ፣ ቆይ። እድሩ ዛሬም ተሰብስቧል አይደል?

ትርንጎ፦ አልተበተነም። ምነው?

አስራደ፦ ለሹፌሩ ንገሪው። ያንቺን ዕቃ ይተወውና እኔንና አምፕሊፋየሩን እዚያ ያድርሰን።