ከቆዳ ሥር ያለው ልብ

(ሆስፒታል፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል፤ ምንትዋብ የቀዶ ጥገና ጋውን ለብሳ አልጋዋ ላይ ናት፤ እናቷ አሰገደች የቤተሰብ ፊርማ የሚጠብቀውን የስምምነት ወረቀት ወንበሩ ላይ አድርጋ ተቀምጣበታለች።)

ምንትዋብ፦ በአሥራ አራት ዓመቴ የጠየቅሁሽን ታስታውሻለሽ? "እማዬ፣ እኔና እግሬ ከአንድ ትሪ እየበላን፣ ለምንድን ነው እሱ ብቻ የሚወፍረው?" ያልኩሽን?

አሰገደች፦ አስታውሳለሁ።

ምንትዋብ፦ ምን ብለሽ መለስሽልኝ?

አሰገደች፦ እራትሽን አነሳሁት።

ምንትዋብ፦ አዎ፣ እራቴን ከፊቴ አነሳሽው። ይኸው ዛሬ መልሱ ተገኘ፤ አንቺ ደግሞ ተቀመጥሽበት። ተነሺ እማዬ፣ ወረቀቱን ስጪኝ።

አሰገደች፦ አልነሳም። ወገቤን አሞኛል።

ምንትዋብ፦ ቅድም ሻንጣ ተሸክመሽ ደረጃውን የወጣሽው በማን ወገብ ነው?

አሰገደች፦ ይልቅ ልብስሽን ልበሺ። በአምስት ሰዓቱ የደብረ ብርሃን አውቶቡስ ሁለት ወንበር ይዣለሁ። በመስኮት በኩል ያለው ያንቺ ነው።

ምንትዋብ፦ ትኬት ቆረጥሽ? መቼ?

አሰገደች፦ ጠዋት። ዳቦ ልግዛ ብዬ የወጣሁ ጊዜ።

ምንትዋብ፦ ለዚያ ነዋ ባዶ እጅሽን የተመለስሽው! እኔ ደግሞ ከቀዶ ጥገና በፊት እንደማይበላ አስበሽልኝ መስሎኝ ነበር። እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በሐኪም ትእዛዝ ምግብ ከለከለችኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አሰገደች፦ ቀልጂ፣ ቀልጂ። ቀልድ መቼ ያልቅብሻል።

ምንትዋብ፦ እሺ፣ ምንድን ነው የሚያስፈራሽ? ማደንዘዣው ነው?

አሰገደች፦ አይደለም።

ምንትዋብ፦ ደሙ ነው?

አሰገደች፦ ደም አልፈራም። አንቺን የወለድኩ ሰው ነኝ።

ምንትዋብ፦ እንግዲያው ጎረቤታችን እትዬ ባፈና ናት። "ዝሆኔ ነው፣ ጸበል ውሰጃት" ብላሽ ይሆናል።

አሰገደች፦ እሷማ ብላለች። እኔ ግን ሐኪሙ ያሉትን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ዝሆኔ ከእግር ሥር ይነሳል፤ የልጄ ግን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጫማዋ እንኳ እስከ ዛሬ ሠላሳ ሰባት ቁጥር ነው አልኳት።

ምንትዋብ፦ ደግ አደረግሽ። ስሙንስ ነገርሻት?

አሰገደች፦ ሊፒዴማ። ሦስት ቀን አጥንቼው ነው የነገርኳት። እሷ ግን "ሊፒዴማ ደግሞ የማን ልጅ ናት?" አለችኝ።

ምንትዋብ፦ አታስቂኝ እማዬ፣ ነርሷ ትመጣለች። ታዲያ ይህን ሁሉ ካወቅሽ ምን አስጨነቀሽ?

አሰገደች፦ ያላወቅሁትን ዛሬ አወቅሁ። ወረቀቱን አነበብኩት።

ምንትዋብ፦ ማን አነበበልሽ?

አሰገደች፦ ራሴ ነኛ! ሁለት ዓመት ሙሉ ቀበሌ አዳራሽ የምመላለሰው ወንበር ላሞቅ ነው? መምህር ዘውገ "አትቸኩሉ፣ አንድ አንዱን ፊደል ቁጠሩ" ብለውናል። ጣቴን እያስኬድኩ፣ አንድ አንዱን ቆጥሬ አነበብኩት።

ምንትዋብ፦ እና ምን ይላል?

አሰገደች፦ አንቺ ፈርመሽበት የለ? ሳታነቢ ነው የፈረምሽው?

ምንትዋብ፦ አንብቤዋለሁ። ካንቺ አፍ ልስማው።

አሰገደች፦ "ከቆዳ ሥር ያለው ልብ በቱቦ ተመጥጦ ይወጣል" ይላል።

ምንትዋብ፦ ምን?

አሰገደች፦ ልብ! ልብሽን! በቱቦ!

ምንትዋብ፦ ከቆዳ ሥር ያለው ልብ?

አሰገደች፦ የማን ልብ ነው ከቆዳ በላይ ያለው?

ምንትዋብ፦ ኧረ እማዬ...

አሰገደች፦ አትሳቂ! እግሯ እንደፈለገ ይሁን፣ ልቧ ይኑራት ብዬ ነው ትኬቱን የቆረጥኩት። ቀጭን እግር ይዛ ልብ የሌላት ልጅ ምን ታደርግልኛለች?

ምንትዋብ፦ ሰፈራችን ውስጥ ሞልተዋል እኮ እንዲያ ያሉ።

አሰገደች፦ ምንትዋብ!

ምንትዋብ፦ እሺ፣ እሺ። ወረቀቱን አምጪና አብረን እናንብበው። "ልብ" የሚል ከሆነ ልብሴን ለብሼ ካንቺ ጋር እሄዳለሁ። በመስኮት በኩል።

አሰገደች፦ በእውነት?

ምንትዋብ፦ በእውነት። ተነሺ። እንዴ፣ ወረቀቱ ሞቋል እኮ! ታቅፈሽ ልትፈለፍዪው ነበር?

አሰገደች፦ ይኸው፣ እዚህ ላይ ነው። ጣቴን ያሳረፍኩበት።

ምንትዋብ፦ በስምሽ ውስጥ ሁለተኛዋ ፊደል ማን ናት?

አሰገደች፦ ሰ። አ፣ ሰ፣ ገ፣ ደ፣ ች።

ምንትዋብ፦ የሰን ቤት ቁጠሪልኝ።

አሰገደች፦ ሰ፣ ሱ፣ ሲ፣ ሳ፣ ሴ፣ ስ...

ምንትዋብ፦ እዚያ ላይ ቁሚ። አሁን ወረቀቱን እዪ። ይህች ማን ናት?

አሰገደች፦ ... ስ።

ምንትዋብ፦ ከብ ጋር?

አሰገደች፦ ስ፣ ብ። ስብ።

ምንትዋብ፦ ስብ።

አሰገደች፦ ሰን እኮ አውቃታለሁ! በየቀኑ የምጽፋት ናት። ይህች ግን አንገቷን ሰብራ፣ ልን መስላ ነው የመጣችው። "ተመጥጦ"ን የሚያህል ያለ ስሕተት አንብቤ "ስብ" ላይ ልውደቅ?

ምንትዋብ፦ እኔ በዩኒቨርሲቲ ዲግሪዬ "ሊፒዴማ" ላይ ወድቄያለሁ። ምንም አይደል።

አሰገደች፦ ልብሽን አይነኩትም ማለት ነው?

ምንትዋብ፦ የሚያወጡት የታመመውን ስብ ነው፣ በቀጭን ቱቦ። ከዚያ በኋላ እግሬን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ካልሲ ለሳምንታት አደርጋለሁ፤ ሌላ ዙርም ሊያስፈልግ ይችላል። ሕመሙ ይቀልልሻል አሉኝ እንጂ ከሥሩ ይነቀላል አላሉኝም። ይህ ስብ ደግሞ በመራብ አይጠፋም አሉ። ስራብ ፊቴና ደረቴ ይከሳሉ፤ እግሬ ንቅንቅ አይልም።

አሰገደች፦ በመራብ አይጠፋም?

ምንትዋብ፦ አይጠፋም።

አሰገደች፦ እነዚያ ሁሉ እራቶች... በከንቱ ነው የከለከልኩሽ?

ምንትዋብ፦ ተይው እማዬ። በጓሮ ዞሬ ወጥ ቤት እየገባሁ እበላ ነበር።

አሰገደች፦ አውቃለሁ። ድስቱን ሳልከድን የምተወው ለምን መሰለሽ?

ምንትዋብ፦ አውቀሽ ነው? እኔ እኮ ረስተሽው መስሎኝ!

አሰገደች፦ ዓመት ሙሉ ድስት መክደን የሚረሳ ሰው አለ? ግን ከገበታው "ተነሺ" ስልሽ ፊትሽን አየው ነበር። እሱ ከዓይኔ አልጠፋም። ይቅር በይኝ።

ምንትዋብ፦ ይቅር ብያለሁ። ወጡ ግን ጨው ይበዛበት ነበር።

አሰገደች፦ እዚህ ታች ያለውስ? "በ... ቤ... ተ... ሰብ..."

ምንትዋብ፦ በቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ሕመም አለ ወይ ነው የሚለው። "የለም" ብዬ ሞላሁት።

አሰገደች፦ ማንን ጠይቀሽ?

ምንትዋብ፦ ማንን ልጠይቅ? ቀሚስሽ መሬት ይጠርጋል፤ እግርሽን እንኳ የምትታጠቢው በር ዘግተሽ ነው። እኔ እግርሽን አይቼ አላውቅም!

አሰገደች፦ እስክሪብቶውን ስጪኝ።

ምንትዋብ፦ ልትፈርሚ ነው?

አሰገደች፦ ፊርማው ይደርሳል። መጀመሪያ ያንን በር ግፊው። ገጠመ? አሁን ቀሚሴን ልግለጠውና እግሬን እዪ።

ምንትዋብ፦ ... እማዬ።

አሰገደች፦ ልክ እንዳንቺው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቆሟል። የአልጋ ጠርዝ ገጨኝ ማለት ሳምንት ሙሉ ይበልዛል። እናቴም እንዲሁ ነበረች።

ምንትዋብ፦ ታዲያ ያን ቀን ስጠይቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?

አሰገደች፦ ስሙን አላውቀው፣ ምን ብዬ ልንገርሽ? እኔም እናቴን ጠይቄያት ነበር። ቀሚሴን አስረዘመችልኝ።

ምንትዋብ፦ ምንድን ነው የምትጽፊው?

አሰገደች፦ "የለም" ያልሽውን ሰረዝኩት። "አለ። እናት።" ብዬ ጻፍኩ። "ለ"ን ተመልከቻት፤ "ሰ" ብለሽ እንዳታነቢያት።

ምንትዋብ፦ ቆንጆ ለ ናት። ለሐኪሙስ እግርሽን ታሳያለሽ?

አሰገደች፦ አንቺ ከዳንሽ አሳያለሁ። ይኸው ፊርማዬ። ነርሷ የጣት ቀለም ይዛ ከመጣች መልሺልኝ፤ ጣቴን አላቆሽሽም።

ምንትዋብ፦ ስንት ሰዓት ሆነ?

አሰገደች፦ አምስት አልፏል።

ምንትዋብ፦ አውቶቡሱስ?

አሰገደች፦ ሄዷል። እኛ ቀርተናል።