ከመሀል እስከ ግድግዳ

ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን አስልቶ የማያውቅ ሰው ንዴቴ አይገባውም። የሒሳብ መምህር ነህ ተብዬ የአጥቢያችንን ኮርኒስ ስፋት እንዳወጣ ታዘዝኩ። ጎኖቹ እኩል ስለሆኑ የአንዱን ጎን ርዝመትና ከመሀል እስከ ግድግዳ ያለውን ለክተው እንዲነግሩኝ ቄሰ ገበዙን ለመንኳቸው። ነገሩኝ፤ አሰላሁ። የኮርኒሱ ጨርቅ ከደብረ ታቦር መጥቶ ሲወጠር ግማሹን ብቻ ሸፍኖ ቀረ።

«አባ፣ ሜትሩን ከየት ጀመሩ?»

«ከመቅደሱ መጋረጃ።»

«ከመሀል ነበር እኮ ያልኩዎት።»

«መሀሉ መንበሩ ነው። በታቦት ላይ ሜትር ልዘርጋ?»

ደሜ ፈላ። «ይህን ቢነግሩኝ ከጎኑ ርዝመት ብቻ አወጣው ነበር እኮ!»

ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ክርስትና የተነሣኸው እዚሁ ነው። መሀሉ ላይ ምን እንዳለ ለአንተም ይነገራል?»