የአባታቸው ዳማ

በደርግ ጊዜ ነው፤ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጠው ጎልማሳ የዳማ ሰሌዳና የገበጣ እንጨት ደርቦ ጉልበቱ ላይ ይዟል። አጠገቡ ያሉት ሴትዮ ዝም ብለው መሄድ አልሆነላቸውም።

«ልትነግድበት ነው ልጄ?»

«አይደለም እማማ። ባል የሞተባት ሴት አግብቼ ዛሬ ቤቷ መግባቴ ነው። ለልጆቿ አንዱን ልሰጣቸው ብዬ መምረጡ አቃተኝ። ትልቁ ገና ሰባት ዓመቱ ነው።»

«ሕፃን ገበጣ ይወዳል። መቁጠርም ይማርበታል።»

«ታናሽየዋ ጠጠሩን እንዳትውጠው ፈራሁ።»

«በሽምብራ አጫውታታ!»

«እሱንማ በልታ ትጨርሰዋለች።»

ሁለቱም ሳቁ። ከኋላ አንድ ሰው፣ «ዳማውም ይቅርብህ ወንድሜ፤ ንጉሥ አለበት፣ ቀበሌ እንዳይሰማህ!» አለ።

ሴትዮዋ አልሰሙትም መሰለኝ።

«አባታቸው ምን ያጫውታቸው ነበር?»

«ዳማ። ወደ ሰሜን ከመዝመቱ በፊት ከትልቁ ጋር ሁልጊዜ ይጫወቱ ነበር አሉ። እኔም የፈራሁት እሱን ነው። በአባቴ ቦታ ሊቀመጥ መጣ እንዳይለኝ።»

«አንተ ዳማ ትችላለህ?»

«በደንብ።»

«እንደማይችል ሁን። ልጁ ያስተምርህ።»

«አሳስቶ ቢያስተምረኝስ?»

«‹አባዬ እንዲህ ነው የሚጫወተው› ካለህ አልተሳሳተም። እሺ በለው።»

ሰውየው ገበጣውን አንስቶ ወንበሩ ሥር አስገባው።

እኔም ከሟች ወንድሜ ጋር ዳማ ስንጫወት ቀድሞ ይጀምር የነበረው የተሸነፈው ይሁን ያሸነፈው ለማስታወስ ስሞክር ሞጣ ገባን።